ባሕረ ሐሳብና የኮምፒውተር ትምህርት፤ ከላስታ ደብር እስከ ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ

ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ላስታ የሚያቀና መንገደኛ ብርዳማውን ደጋ አቋርጦ ወደ ላሊበላ ሲቃረብ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዐለቱ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከዛግዌ ነገሥታት ዘመን፥ ይልቁንም ከንጉሥ ላሊበላ ስም ጋራ ተያይዘው የሚታወሱ ሲሆኑ፥ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ጋራ ተጽፈዋል። ነገር ግን ለልደት በዓል ከየአገሩ በእግሩ ተጕዞ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከሚሰበሰበው ሕዝብ መካከል፥ ካህናቱ በማሜ ጋራ ላይ ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ ከሚሰማው ምእመን መካከል፥ «ለመሆኑ በዓሉ በዚህ ዕለት እንዲውል በምን ስልት ተወሰነ? ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጾምስ መቼ እንደሚገባ ማን ያውቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መልሱ ከዐለቱ ሥራ ያላነሰ ትዕግሥትና ጥበብ የፈሰሰበት፥ ባሕረ ሐሳብ የተባለው ትምህርት ነው።

ስለዚህ ትምህርት ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ወጣቶች «አውቶማታና የውስብስብነት ንድፈ ሐሳብ»፥ እንዲሁም «የአልጎሪዝም ንድፍና ትንተና» የሚባሉ ትምህርቶችን ይወስዳሉ። እነዚህ ትምህርቶች ስለ መኪናው ብረትና ሽቦ አይናገሩም፤ የሚመረምሩት ስሌት ራሱ ምን እንደ ሆነ፥ አንድ ስልት ትክክል መሆኑ እንዴት እንደሚረጋገጥ፥ በስልት ሊፈታ የማይችልም ጥያቄ ይኖር እንደ ሆነ ነው። ከብዙዎቹ ተማሪዎች ጋራ ስንነጋገር ግን ይህን ትምህርት ከሩቅ አገር የመጣ፥ ከፈተና በኋላ የሚረሳ ባዕድ ነገር አድርገው ሲቈጥሩት አይተናል። በሌላው ወገን ደግሞ የባሕረ ሐሳብ መምህራን በየደብሩ ጥላ ሥር፥ ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ሳይደርሱ ያስተምራሉ። ሁለቱ ቤቶች ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ ሰላምታ አለመለዋወጣቸው ያሳዝነናል። ስለዚህ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና፥ ልዩነታቸውንም ሳንሸሽግ፥ ለመመርመር እንወዳለን።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። «ሐሳብ» በግእዝ ቍጥር፥ ስሌት ማለት ነው፤ «ሐሰበ» ማለትም ቈጠረ ማለት ነው። በአማርኛችን ቃሉ ለአእምሮ ሥራ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ «ማሰብ» ተባለ። እንግዲህ በቋንቋችን መቍጠርና ማሰብ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የአውሮፓ ሊቃውንት «መኪና ያስባልን?» ብለው ሲከራከሩ፥ የእኛ ቋንቋ ጥያቄውን ከጥንት ጀምሮ በአንድ ቃል ይዞት ኖሯል።

ባሕረ ሐሳብን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። በዚህ ረገድ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግብፅ ሊቅ አቡ ሻክር የጻፈው የዘመን ቈጠራ መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በአገራችን «አቡሻክር» እየተባለ ይጠራል። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የጨረቃ ዙር ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት በአቴና ሜቶን በተባለ ሊቅ ስም ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ በእኛ አገር ብቻ የበቀለ ነው ብንል እውነቱን እንበድላለን። የእኛ ሊቃውንት ክብር የተቀበሉትን በግእዝ ስም ሰጥተው፥ በቃል አጥንተው፥ ሳይቋረጥ ለተማሪ ማስተላለፋቸው ነው። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው ስመ ጥር የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የኢትዮጵያን ሥነ ፈለክና የዘመን ቈጠራ የሚመለከት ሙሉ መጽሐፍ በፈረንጆች 1979 ማሳተሙ ትምህርቱ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ያለውን ክብደት ያስረዳል።

አሁን ስልቱን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። የ2016 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ እንደ ዋለ ማወቅ እንፈልጋለን እንበል። በመጀመሪያ በ5500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2016 ስንጨምር ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ይህን ለአራት ስንገድፈው 1879 ደርሶ ምንም ትራፊ አይገኝም፤ ትራፊው አንድ ቢሆን ማቴዎስ፥ ሁለት ቢሆን ማርቆስ፥ ሦስት ቢሆን ሉቃስ ይባል ነበር፤ ያለ ትራፊ ሲሆን ግን ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። የተገኘው 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። እርሱን ከ7516 ጋራ ደምረን 9395 እናገኛለን፤ ለሰባት ስንገድፈው አንድ ይተርፋል፤ አንድም ማክሰኞ ነውና መስከረም 1 ቀን ማክሰኞ ዋለ።

ቀጥሎ 7516ን ለ19 እንገድፋለን፤ ትራፊው 11 ነው፤ ይህም መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝተን 110፥ ለ30 ገድፈን 20፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 አባዝተን 190፥ ለ30 ገድፈን 10፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ ጥቅምት 10 ቀን ሆነ፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነበረ። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለ ሆነ 10 እና 8 ተደምረው መባጃ ሐመሩ 18 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌም በየካቲት 18 ቀን ገባ። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 18 እና 9 ተደምረው 27 ይሆናሉ፤ ከየካቲትም ሁለት ወር ተቈጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋለ። ያን ጊዜ በዓሉ ከአርበኞች የድል በዓል ጋራ በአንድ ቀን መዋሉን አንባቢያችን ያስታውስ ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ሥርዐት ምንድር ነው? የዩኒቨርሲቲው መምህር «አልጎሪዝም» ይለዋል። ቃሉ በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከነበረው ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም የወጣ ነው። ትርጓሜውም የተወሰኑ ቅደም ተከተሎች ያሉት፥ እያንዳንዱ እርምጃ ያለ ጥርጥር የታወቀ፥ መጨረሻ ያለው፥ ከተሰጠ ነገር ተነሥቶ የሚፈለገውን የሚያስገኝ ስልት ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ ይህን ሁሉ ያሟላል፤ ዓመተ ምሕረትን ተቀብሎ በዓላትንና አጽዋማትን ይመልሳል፤ የሚያሰላውም ሊቅም ይሁን ጀማሪ ተማሪ ውጤቱ አንድ ነው። ነገሩ በአውሮፓም ቀላል ተደርጎ አልተቈጠረም። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1800 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የፋሲካን ቀን ማውጫ ስልት አሳትሟል። ዶናልድ ክኑዝም በዓለም የታወቀውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበብ መጽሐፉን ሲጽፍ የፋሲካን ስሌት ለተማሪዎች መልመጃ አድርጎ አስገብቶታል።

ስለ ማባዛትም አንድ ነገር እንጨምር። በውጭ አገር የኮምፒውተር መማሪያዎች አንዱን ቍጥር እየገመሱ፥ ሌላውን እያጠፉ የማባዛት ስልት «የኢትዮጵያ ማባዛት» ሲባል ይገኛል። ወንበሩን 10 በ11 ለማባዛት፥ 10ን እየገመስን 10፥ 5፥ 2፥ 1 እንላለን፤ በአንጻሩ 11ን እያጠፍን 11፥ 22፥ 44፥ 88 እንላለን፤ ከዚያ በጎዶሎዎቹ በ5 እና በ1 አንጻር ያሉትን 22 እና 88 ብቻ ስንደምር 110 ይመጣል። ይህ ዛሬ ኮምፒውተር ቍጥርን በሁለት ምልክት ብቻ ከሚጽፍበት መንገድ ጋራ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ስልት በጥንታዊት ግብፅ ፓፒረስ ላይ ይገኛል፤ ሌሎችም «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» ይሉታል። ስለዚህ በስሙ ከመኵራራት ይልቅ፥ ስልቱ ለምን ትክክል እንደ ሆነ ለልጆቻችን ማስረዳት ይበልጥ ያስከብረናል።

ከዚህ ወደ ጠለቀው ነገር እንለፍ። ባሕረ ሐሳብ ሰባት ዐውዶች አሉት። ዐውደ ዕለት 7 ቀን፥ ዐውደ ወርኅ 30 ቀን፥ ዐውደ ዓመት 365 ቀን፥ ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት፥ ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት፥ ዐውደ ማኅተም 76 ዓመት፥ ዐውደ ቀመር 532 ዓመት ነው። ዐውድ ማለት ዙሪያ፥ ተመልሶ ከመነሻው የሚገጥም መንገድ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ አውቶማታ የሚባለው ትምህርት ሲጀመር መምህሩ ጥቂት ክቦችን በሰሌዳ ላይ ሥሎ በቀስት ያያይዛቸዋል፤ መኪናው ካንዱ ክብ ወደ ሌላው ሲሻገር የት እንደ ደረሰ እንጂ የመጣበትን መንገድ ሁሉ አያስታውስም ይላል። አራቱ ወንጌላውያን ከዚህ በምን ይለያሉ? ዘንድሮ ሉቃስ መሆኑን ያወቀ ሰው፥ ያለፉትን ከሰባት ሺህ በላይ ዓመታት ሳይቈጥር፥ ከርሞ ዮሐንስ መሆኑን ያውቃል። አራቱ ወንጌላውያን፥ ሰባቱ ዕለታትና ዐሥራ ዘጠኙ ወንበሮች ሲባዙ 532 ይሆናሉ፤ ከዚህ በላይ አዲስ ነገር አይመጣም። ለምሳሌ ከ2016 በፊት በ532ኛው ዓመት፥ ማለት በ1484 ዓ.ም. በዐፄ እስክንድር ዘመን፥ ፋሲካ እንዲሁ ሚያዝያ 27 ቀን ውሎ ነበር።

በላስታ አንድ የመጻሕፍት መምህር ዘንድ ቀርበን፥ «የኔታ፥ የቅዳሜ ተውሳክ ለምን 8፥ የእሑድ 7፥ የሰኞ 6፥ እንዲህ እያለ የዐርብ 2 ሆነ?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ልጆቼ፥ ነነዌ ሰኞን እንዳትስት ነው» አሉን። ይህ አጭር መልስ ሙሉ ማስረጃ ነው። ከመጥቅዕ ቀን እስከ አራተኛው ወር ተመሳሳይ ቀን 120 ዕለት አለ፤ 120 ለ7 ሲገደፍ አንድ ይተርፋል። መጥቅዕ ቅዳሜ ቢውል በአራተኛው ወር ያው ቀን እሑድ ነው፤ 8 ሲጨመር ሰኞ ይሆናል። ዐርብ ቢውል ቅዳሜ ይደርሳል፤ 2 ሲጨመር ያው ሰኞ ነው። ከሰኞም እስከ ፋሲካ 69 ዕለት ስለ ሆነ፥ 69 ለ7 ተገድፎ 6 ይተርፋልና ፋሲካ ከእሑድ አይወጣም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንዲህ ያለውን፥ ሌላው ሁሉ ሲለዋወጥ ጸንቶ የሚኖረውን ነገር፥ የስልት ትክክለኛነት ማረጋገጫ አድርገው ያስተምሩታል።

ላሊበላ ላይ ከሚታሰበው ከልደት በዓልም ተመሳሳይ ነገር እንማራለን። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ልደት በሦስቱ ዘመናት ታኅሣሥ 29፥ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። ላይ ላዩን ለሚያየው ቀኑ የተዛባ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ከመጋቢት 29፥ ከጽንሰት ቀን፥ እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው 275 ዕለት ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን 6 ስትሆን አንድ ዕለት ይጨመራል፤ በዓሉ በአንድ ቀን ካልቀደመ ቍጥሩ 276 ሊሆን ነው። እንግዲህ ሊቃውንቱ ቀኑን የለወጡት ቍጥሩ እንዳይለወጥ ነው።

ማጣራትም አልተረሳም። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ተማሪው እንደ ተሳሳተ ወዲያው ያውቃል፤ አንዱ በ11፥ ሁለተኛው በ19 የተባዛ ስለ ሆነ፥ 11 እና 19 ደግሞ 30 ስለሚሆኑ ነው። መልስን ማጣራት መልስን ከመፈለግ መቅለሉ በዓለም የኮምፒውተር ሊቃውንትን እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነገር ነው። ስቲቨን ኩክ በፈረንጆች 1971 ባወጣው ጽሑፍ፥ መልሱ በፍጥነት የሚጣራ ጥያቄ ሁሉ መልሱ በፍጥነት ሊገኝ ይችላልን? የሚለውን ጥያቄ በጥብቅ መልኩ አቅርቦታል። በፈረንጆች 2000 ዓ.ም. የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ቢመደብለትም እስካሁን መልስ አላገኘም።

እስካሁን ዝምድናውን ተናገርን፤ አሁን ልዩነቱን እንናገር፤ ያለዚያ ጽሑፋችን ውዳሴ ብቻ ይሆናል። ባሕረ ሐሳብ ያሰላል፤ ነገር ግን «የማይሰላ ነገር አለን?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ በጥብቅ መንገድ ያነሣው ትውልድ የ1928 ዓ.ም. ትውልድ ነው። ጠላት አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ዓመት፥ ከሦስት ሳምንት በኋላ በግንቦት 20 ቀን፥ አለን ቱሪንግ የተባለ የካምብሪጅ ወጣት ጽሑፍ ለንደን ለሚገኘው የሒሳብ ማኅበር ደረሰ። ቱሪንግ ረጅም ወረቀት ላይ ምልክት የሚጽፍና የሚያጠፋ መኪና በሐሳቡ ፈጠረ፤ ማንኛውም የስሌት ሥርዐት በዚህ መኪና ሊፈጸም እንደሚችል አስረዳ፤ ከዚያም መኪናው ሊመልሳቸው የማይችላቸው ጥያቄዎች መኖራቸውን በማስረጃ አሳየ። አንድ ሥርዐት መጨረሻው ይደርሳል ወይስ ለዘለዓለም ይዞራል ብሎ ስለ ሥርዐቶች ሁሉ ያለ ስሕተት የሚፈርድ አንድ ስልት ሊኖር አይችልም። የእኛ ዐውዶች ሁልጊዜ ይገጥማሉ፤ የቱሪንግ መኪና ግን ይገጥም እንደ ሆነ አስቀድሞ አይታወቅም። ይህን ያልተማረ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የትምህርቱ ዳርቻ የት እንደ ሆነ አያይም።

ሌላም ልዩነት አለ። ስልት በራሱ ሥርዐት ትክክል መሆኑና ከሰማይ ጋራ መስማማቱ ሁለት ነገር ነው። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዙር ከጨረቃዋ እውነተኛ ጕዞ ጋራ ሲነጻጸር በ300 ዓመት ገደማ አንድ ዕለት ያህል ይለያያል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም፤ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ትእዛዙ ግን ጨረቃን በትክክል የሚከተለው በግምት ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ያወጣውን ሁሉ እንደ ቃለ እግዚአብሔር ለሚቀበል የመሥሪያ ቤት ሰው ይህ ታላቅ ምክር ይሆነዋል። መኪናው አልተሳሳተም ማለት የተጠየቀው ጥያቄ ትክክል ነበረ ማለት አይደለም።

ስለ ማስተማሪያው መንገድም እናንሣ። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ወጥቶ ቅኔ ይቈጥራል፤ ተመልሶም ከየኔታ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም በጉባኤው መካከል ያርመዋል። በመጻሕፍት ቤት ደግሞ አንድ ቃል «አንድም» እየተባለ በብዙ ፊት ይታያል። ዩኒቨርሲቲዎች «ሴሚናር» የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ተማሪው ማስረጃውን ይዞ ይቆማል፥ ባልንጀሮቹ ይጠይቁታል። የኮምፒውተር ሳይንስን ንድፈ ሐሳብ ያሳደገው እንዲህ ያለ ጉባኤ ነው። በብዙ ክፍሎቻችን ግን ትምህርቱ መምህሩ ከሰሌዳ አንብቦ፥ ተማሪው ገልብጦ የሚወጣበት ሆኗል። አንድ ትጉህ ተማሪ ስለ አውቶማታ ስንጠይቀው ትርጓሜውን አንድ ቃል ሳያጐድል ነገረን፤ «ለምን ይጠቅማል?» ስንለው ግን፥ «ለመውጫ ፈተና» ብሎ መለሰልን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች ሁሉ የሚቀመጡለት ይህ ፈተና መልካም ዓላማ አለው፤ የትምህርት ሁሉ መድረሻ ከሆነ ግን ወጣቱ ዕውቀት ሳይሆን ወረቀት ይዞ ይወጣል።

ጕዳዩ የሚያስቸኵል መሆኑን ያለፉት ዓመታት አስተምረውናል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከፍተኛ ጉዳት ደርሶበታል፤ ላሊበላና የላስታ ሕዝብም ብዙ መከራ አይተዋል። ኮምፒውተር ይዘረፋል፥ መጽሐፍ ይቃጠላል። በቃል የተያዘ ዕውቀት ከሰው ጋራ ይሰደዳል፥ ከሰው ጋራም ይመለሳል፤ ነገር ግን ሰውየው ተማሪ ሳያፈራ ቢሞት አብሮት ይቀበራል። እያንዳንዱ ቤት የሌላውን ጐዶሎ የሚሞላበት ስፍራ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፥ የአውቶማታ መምህር የመጀመሪያውን ትምህርት በአራቱ ወንጌላውያንና በሰባቱ ዐውዶች ቢጀምር፥ ተማሪው ከሚያውቀው ዓመት ተነሥቶ ወደማያውቀው ምልክት ይደርሳል። ሁለተኛ፥ የተውሳክን ትክክለኛነት ማስረዳት፥ የባሕረ ሐሳብንም ስሌት ለኮምፒውተር መጻፍ የሴሚናር ሥራ ተደርጎ ቢሰጥ፥ ወጣቱ ማስረጃ ማለት ምን እንደ ሆነ በእጁ ይዳስሳል። ሦስተኛ፥ የባሕረ ሐሳብ መምህራን እንደ ጎብኚ ማሳያ ሳይሆን እንደ መምህር፥ ተገቢው ክብርና ድጎማ ተሰጥቷቸው በዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ቢጋበዙ፥ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም በተራቸው ወደ ደብሩ ወጥተው የቱሪንግን ጥያቄ በጥሩ አማርኛ ቢያስረዱ፥ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንዱ የሌላውን ቋንቋ ለመስማት መፍቀድን ነው።

የኔታ ያን ቀን ሲሸኙን፥ «እናንተ ደግሞ በመኪናችሁ የዛሬ 532 ዓመት የሚውለውን ፋሲካ አውጡና ንገሩኝ» ብለውን ነበር። ከእኛ ጋራ የነበረው ወጣት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መጻፍ ሲጀምር፥ እርሳቸው ሳቅ አሉና፥ «ተው ልጄ፤ የዘንድሮውን ካወቅህ ያንንም ዐውቀኸዋል» አሉት። ወጣቱ ስልኩን መለሰና አጠገባቸው ተቀመጠ።